ያልታረሰ እጅ

አያ ዋሴ ከታመሙ ወዲህ በሰፈራችን እንደ እሳቸው ጉርሻ የሚበዛለት ሰው አልነበረም። ሠርግ ላይም ተዝካር ላይም ቢቀመጡ ከግራም ከቀኝም እጅ ይዘረጋላቸዋል። አንዱ አጉርሶ ሳይጨርስ ሌላው ጠቅልሎ ይጠብቃል። የማያውቋቸው እንግዶች «ይህ ሰውዬ ማን ቢሆን ነው እንዲህ የሚከበር?» እያሉ ይጠይቃሉ። አያ ዋሴ ጥያቄው ጆሯቸው ሲገባ ደስ ይላቸው ነበር። እንግዳው ያላየውን ጋቢያቸው ሸፍኖታል። ከጋቢው ሥር ቀኝ እጃቸው እንደ ሰው ዕቃ ጭናቸው ላይ ተኝቷል።

በዋግ፣ ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ ወረዳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ተዳፋት መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ማሽላ ይዘራሉ፤ ጥቂት ፍየሎች አሏቸው። በዚያ አገር አፈር በድንጋይ ካብ ካልተያዘ አንድ ክረምት ጠርጎት ወደ ተከዜ ይወርዳል። አያ ዋሴ ካብ በመካብ የታወቁ ነበሩ። የጎረቤት እርሻ ላይ የሚታየው ካብ አብዛኛው የእሳቸው እጅ ነው። ከዚያ በቀር ስለ ራሳቸው የሚያወሩት የላቸውም። ሰው ቤት ሲገቡ «በልቼ ነው የመጣሁ» ይላሉ፤ ቢርባቸውም እንዳይታወቅባቸው ይጠነቀቃሉ። ባለቤታቸው እትየ አልጣሽ «የእሳቸውን ረሃብ የማውቀው ዝም ሲሉ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ካቻምና ሐምሌ፣ ዝናብ ያፈረሰውን ካብ ሊጠግኑ ጎንበስ እንዳሉ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ያነሡት ድንጋይ ከእጃቸው ወደቀ፤ እሳቸውም ተከትለው ወደቁ። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ላይ አወጣቸውና በመኪና ሰቆጣ ገቡ። ሐኪሞቹ የደም ግፊት ነው፣ ወደ አንጎላቸው የሚሄደው የደም ሥር ተዘግቶ ነው አሉ። ክኒን ታዘዘላቸው። ኋላም ጠበል ገቡ። ተጣሞ የነበረው አፋቸው ተቃና። እግራቸውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፣ ከዚያ ምርኩዝ ይዘው ደጅ ወጡ፣ በኋላም እየጎተቱም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄዱ። እጃቸው ግን እንደወደቀ ቀረ።

ሰው «እግሩን የመለሰ አምላክ እጁንም በጊዜው ይመልሳል» ይል ነበር። 

እውነቱን ግን አያ ዋሴ ብቻ ያውቁ ነበር። በጥቅምት አንድ ማለዳ፣ ገና ከመኝታቸው ሳይነሡ፣ የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ተንቀሳቀሰች። ደግመው አዘዟት፤ ታዘዘች። አጠገባቸው ለተኙት ለእትየ አልጣሽ እንኳ አልነገሩም። ትንሽ ትበርታና፣ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት በገዛ እጄ ጎርሼ ላስደንቃቸው ብለው አሰቡ።

ያ ቀን የልጅ ልጃቸው ክርስትና ሆነ። አንዲት ልጃቸው እየሩስ ተድራ የምትኖረው አምደወርቅ ከተማ ነው። የባሏ አባት አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሶ ከአያ ዋሴ ጎን ተቀምጧል። ገበታው ቀረበ፤ ተባረከ። አያ ዋሴ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አወጡ። ሰው ሁሉ አየ። እጁ ገበታው ላይ ደረሰ፣ እንጀራውን ቆረሰ፣ ወጡን ነካ፣ ተነሣ። አፋቸው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጣቶቹ በራሳቸው ፈቃድ ተፈቱ። ቀዩ ወጥ በአማትየው አዲስ ጋቢ ላይ ተደፋ።

ሰውየው «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» አለ። ሴቶች ውሃ ይዘው ሮጡ። አንድ ልጅ ሳቀና እናቱ ቆነጠጠችው። እነዚህን ሁሉ አያ ዋሴ ይችሏቸው ነበር። ያልቻሉት ሌላውን ነው። እትየ አልጣሽ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል መጥተው አጠገባቸው ተንበረከኩና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉላቸው። ከዚያ ራሳቸው ጠቅልለው አጎረሷቸው። አማትየውም ጋቢው እየተንጠባጠበ ተከትሎ አጎረሳቸው። 

እጃቸው ወደ ጋቢው ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣም።

በግራ እጅ መብላት የማይታሰብ ነው። ግራ እጅ የራሱ ሥራ አለው፤ ሰው በጋራ በሚበላበት ገበታ አይገባም። ማንኪያ የልጅና የአልጋ ቁራኛ ነው። ጉርሻ ግን አያሳፍርም። ጉርሻ የሚሰጠው የተወደደና የተከበረ ሰው ነው። አያ ዋሴ ከዚህ ልማድ ሥር እንደ ዋሻ ገብተው ተደበቁ። እትየ አልጣሽ ቤት ውስጥ፣ ጎረቤት በድግስ፣ ሁሉም በፍቅር አጎረሷቸው። ማንም የማጉረስ ግዴታ አልነበረበትም፤ ማንም ግን አልዘነጋቸውም። እፍረት ያስተምራል ይባላል። ያስተምራል፤ ምን እንደሚያስተምር ግን አይመርጥም። የአያ ዋሴን እጅ እንዳትነሣ አስተማራት፤ እጅም እንደ ጥሩ ተማሪ ተማረች። ጣቶቹ እየታጠፉ፣ መዳፉ እየጠበበ፣ ክንዱ እየቀጠነ ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያቺን አንዲት ጣት ማዘዝም ተዉ።

የሚቀሩበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የሚካኤል ማኅበር። ሠርግ ቤት ግርግር ነው፤ ማንም ማንን አያስተውልም። ማኅበሩ ላይ ግን አብረው ያደጉ ሰዎች አንድ ገበታ ከበው ይቀመጣሉ፤ ጽዋውም ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ጋቢ የሚሸፍነው ነገር የለም። ስለዚህ በእሳቸው ፈንታ እትየ አልጣሽ እየሄዱ ይቀመጡ ነበር። 

በሚያዝያ የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደ ኢየሱስ ቤታቸው መጡ። ጠላ ቀርቦላቸው ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ፣

«ዋሴ ልጄ» አሉ፤ «እስካሁን አልጣሽ ስትቀመጥልህ ችግር ነው ብለን ዝም አልን። በመስከረም ግን ጽዋው ወዳንተ ነው። ደንቡን ታውቀዋለህ። ተረኛው ራሱ መጥቶ፣ ከማኅበርተኛው ጋር በልቶ፣ ጽዋውን በእጁ ተቀብሎ ነው የሚሄድ።»

«አውቀዋለሁ።»

«የማትችል ከሆነ ቦታውን ለሌላ እንስጥ። ማንም አይቀየምህም፤ ሚካኤልም ያውቅልሃል።»

አያ ዋሴ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ቀኝ እጃቸው ሳቡ። በዚያ ማኅበር ያላቸው ቦታ የአባታቸው ነው፤ የአያታቸውም ነበር። ወንድ ልጅ የላቸውም። እሳቸው ከተዉት የቤቱ ስም ከማኅበሩ ይወጣል። መምሬ ከሄዱ በኋላ እትየ አልጣሽ እራት ይዘው ቀረቡና የመጀመሪያውን ጠቀለሉ። አያ ዋሴ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቆዩ። ከዚያ ከፈቱ።

በግንቦት ግፊታቸውን ሊለኩ ሰቆጣ ሄዱ። የለካቸው ሰው እጃቸውን አየና ወደ ሌላ ክፍል መራቸው። እዚያ ሊድያ የምትባል፣ ከደሴ የመጣች ወጣት ባለሙያ አለች። መርፌ አትወጋም፣ ክኒን አትሰጥም። ሥራዋ የደከመ እጅና እግር ማሠራት ነው።

«አባባ፣ ጋቢውን ላንሣው?» አለቻቸው።

«ብርድ ነው።»

ቀኑ ያቃጥል ነበር። እትየ አልጣሽ ራሳቸው ጋቢውን ገፈፉት። ሊድያ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ፣ የታጠፉትን ጣቶች አንድ በአንድ እየዘረጋች አየች። ከዚያ እስከ በሩ ሄደው እንዲመለሱ ጠየቀቻቸው፤ ሄደው ተመለሱ።

«እግርዎን መራመድ ማን አስተማረው?»

«ማን ያስተምረዋል? ወድቄ ተነሥቼ ነው እንጂ። የሚራመድልኝ ሰው የለ።»

«እጅዎንስ?»

እትየ አልጣሽ ቀደሟቸው። «እጃቸውንማ አላስቸገርነውም። የማጥባቸው እኔ፣ የማለብሳቸው እኔ፣ የማጎርሳቸው እኔ። እኔ ባልኖር ጎረቤት አለ። አንድ ቀን ተርበው አድረው አያውቁም» አሉ፤ በኩራት።

«እማማ፣ እግራቸው የዳነው የሚራመድላቸው ስላጡ ነው» አለች ሊድያ። «እጃቸው ደግሞ የሚሠራለት ሞልቷል።»

የእትየ አልጣሽ ፊት ተለወጠ። ልጅቱም ያለችው ከበዳት መሰለኝ፤ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ታስረዳቸው ጀመር። አንጎል ውስጥ ለእጅም፣ ለእግርም፣ ለምላስም የየራሱ ቦታ አለው አለች። በሽታው የእጃቸውን ቦታ ጎድቶታል፤ የሞተው አይነሣም። በዙሪያው ያለው ግን የሞተውን ሥራ ሊማር ይችላል፤ ሥራ ከተሰጠው። አንጎል በልጅነት ተሠርቶ ያበቃ ነገር አይደለም፤ ሰው እስኪሞት ድረስ በሚያደርገው ነገር ይለወጣል። የማይሠራ ብልት ሲሆን ደግሞ ቦታውን የሚሠራው ይወስድበታል።

«ጦም ያደረ መሬት» አሉ አያ ዋሴ።

«እንዴት አባባ?»

«ጦም ያደረ መሬት ወሰኑ ይገፋል። አንድ ዓመት ካላረሱት ጎረቤት አንድ ትልም ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ትልም።»

«እንደሱ ነው።»

«የተገፋውስ ይመለሳል?»

«ካረሱት ይመለሳል። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።» ከዚያ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና፣ «እስቲ ይህችን ጣት ያንሡልኝ» አለች።

«አትነሣም።»

«ግድ የለም፣ ይሞክሩ።»

አያ ዋሴ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጣቲቱ ቆይታ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ተነሣች። እትየ አልጣሽ ደረታቸውን ያዙ። «ተመስገን» አሉ። ሊድያ ግን የአያ ዋሴን ፊት ነበር የምታየው።

«ይህ ዛሬ የመጣ አይደለም» አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ደግማ ጠየቀች።

«ከጥቅምት» አሉ።

«ከጥቅምት?» አሉ እትየ አልጣሽ።

ሊድያ የሚሠሩትን ነገረቻቸው። ደህናው እጅ በምግብ ሰዓትና በሥራ ሰዓት ይታሰር። ደካማው ይብላ፤ ቢደፋም፣ ቢዘገይም እሱ ይብላ። ሽምብራ ከሣህን ወደ ሣህን ይልቀም። ጭቃም ሆነ ሊጥ ያቡካ። ማንም እንዳያጎርሳቸው። በየወሩ እየመጡ ያሳዩኝ አለች። 

ከመኪና ወርደው ወደ መንደሩ ሲሄዱ እትየ አልጣሽ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚሄዱት፤ እንዳይወድቁባቸው። ያን ቀን ግን ቀድመው ሄዱ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆመው ሳይዞሩ ተናገሩ።

«እኔ እየጠቀለልኩ ሳጎርስ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን?»

«የሰውየው ጋቢ…» አሉ አያ ዋሴ።

«ጋቢው እኮ ታጠበ» አሉ እትየ አልጣሽ፤ መንገዳቸውንም ቀጠሉ።

አያ ዋሴ ከኋላ እየጎተቱ ሲከተሉ፣ በአማትየው ፊት ያፈሩትን እፍረት ያህል፣ ምናልባትም የባሰ፣ ተሰማቸው። እፍረታቸውን ለማዳን የአንዲት ሴት ድካም ከጥቅምት ጀምሮ ሲበሉ ኖረዋል።

በማግስቱ ሥራው ተጀመረ። ግራ እጃቸውን የሚያስሩበት ሲፈልጉ ከእትየ አልጣሽ መቀነት የተሻለ ለስላሳ ነገር ቤቱ ውስጥ አልተገኘም። ሰውየው በሚስታቸው መቀነት ታስረው ገበታ ቀረቡ። ሰው እንዳያይ በሩ ተዘጋ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚጎርሱት የሚደፋው በለጠ። ዶሮዎቹ ሰዓቱን ቶሎ አወቁት፤ በሩ ሲዘጋ ቀድመው ገብተው እግራቸው ሥር ይሰበሰባሉ። አያ ዋሴ ይናደዳሉ። ሲናደዱ አማርኛው ይጠፋባቸውና በኽምጣና ይራገማሉ፤ እጃቸውን፣ ዶሮዎቹን፣ የደሴዋን ልጅ። እትየ አልጣሽ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ይከታሉ። እጃቸው ሳያስቡት እየተነሣ መጠቅለል ስለሚቃጣው ነው። ለካ የእሳቸውም እጅ ዓመት ሙሉ ተምሯል፤ እሱንም ማስረሳት ነበረባቸው።

ረሃቡ አይሎባቸው «ዛሬን ብቻ አጉርሽኝ» ያሉበት ቀን ነበር። እትየ አልጣሽ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። አያ ዋሴ የጓዳውን ዝምታ ጥቂት አዳመጡና ራሳቸው ሞከሩ።

የሊጡ ነገር ደግሞ ነበር። ጭቃ ይሻለኛል ብለው ነበር። በጋው ረዝሞ ጉድጓዱ ደርቋል፤ ለመጠጥ የሚቀዳው ውሃ እንኳ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ለጭቃ የሚባክን ውሃ የለም። ሊጥ ግን ያለዚያም ይቦካል። አንድ ቀን ጠዋት ቡሃቃው አጠገብ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው ሲያሹ በሩ ተገፋ። የገባው ደብሬ ነው፤ የልጅነት ጓደኛቸው፣ ማኅበርተኛቸው፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

ደብሬ ደፉ ላይ ቆሞ አየ። ቡሃቃውን አየ፣ መቀነቱን አየ።

«አልጣሽ የት አለች?» አለ።

«ውሃ ወርዳለች።»

«እሷ ውሃ፣ አንተ ቡሃቃ። ማሽላው ሲደርስ ደግሞ ወፍ ጥበቃ አንተ፣ አረሳ እሷ ናታ።»

«ግባና ተቀመጥ ወይ ውጣ።»

«የለም፣ ልጠይቅህ ብዬ ነው። እኔም ቤት ሊጥ አለ፤ ስታበቃ ብቅ ትላለህ?»

አያ ዋሴ አልሳቁም። ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ጋለ። እጃቸውን ከሊጡ ሊያወጡ ሞከሩ፤ ጣቶቹ ሊጡን ጨብጠው አልፈታ አሉ። ከእፍረት ሊያመልጡ ሲጣደፉ እጃቸው አልታዘዝ አለቻቸው። ደብሬ ይህን ሲያይ ሳቁ ቀረ። ጥቂት ቆሞ «ደህና ዋል» ብሎ ወጣ። ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ መንደሩን ዞረ።

ሦስት ቀን ሊጥ አልነኩም። በአራተኛው ቀን እትየ አልጣሽ ሳይናገሩ ቡሃቃውን አምጥተው ፊታቸው አስቀመጡትና በሩን ክፍት ትተው ወጡ።

በክረምቱ እጁ ትንሽ በትንሽ ተለወጠ። መጀመሪያ ሽምብራ ማንሣት ቻለ፤ መልቀቅ ግን አቃተው። ቆይቶ መልቀቅ ቻለ። አንዳንድ ቀን ትናንት የቻለውን ዛሬ ይረሳል። በነሐሴ መጨረሻ ከገበታው የሚደፋው ከሚጎርሱት አነሰ። ይህ ሁሉ የሆነው ቤታቸው ውስጥ፣ በሚስታቸውና በዶሮዎቹ ፊት ነው። ሊድያ በመጨረሻው ቀጠሮ «አሁን ሰው ፊት ይብሉ» ስትላቸው «የቀረውን ቤቴ ልጨርሰው» ብለዋት ነበር። «ሰው ፊት ሲሆን እጅዎ ሌላ እጅ ነው፤ እሱንም ማስተማር አለብዎት» አለቻቸው።

መስከረም ሚካኤል ደረሰ። ድግሱ ደብሬ ቤት ነው። አያ ዋሴ ከመውጣታቸው በፊት እትየ አልጣሽ መቀነቱን ይዘው ጠበቋቸው።

«ዛሬ ይቅር» አሉ።

«ዛሬ ካልታሰረ ግራው ይቀድመዋል። እርስዎ ያውቁታል።»

ያውቁታል። አሰሯቸው፤ ጋቢውን ከላይ አለበሷቸው፤ አብረውም ወጡ።

ማኅበርተኛው ሲያያቸው ተነሥቶ ተቀበላቸው። ከመምሬ ወልደ ኢየሱስ ጎን አስቀመጧቸው። የደብሬ ልጅ ውሃ ይዛ ለማስታጠብ ስትመጣ አያ ዋሴ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቱ ሌላውንም እስኪዘረጉ ጠበቀች፤ አልተዘረጋም። ግራ ገብቷት አለፈች። ገበታው ቀረበ፤ መምሬ ባረኩ፤ ሰው መብላት ጀመረ።

አያ ዋሴም ጀመሩ። የመጀመሪያው ጉርሻ ገበታው ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ጢማቸው ላይ ቀረ። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለ ዝናቡ ያወራ ጀመር። ዝናቡ ቶሎ መውጣቱን፣ ማሽላው መቃጠሉን፣ ፍየሉ መክሳቱን፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ከአያ ዋሴ እጅ አሽሽቶ። ቢስቁባቸው ይሻላቸው ነበር። ሦስተኛውን ሲያነሡ እጃቸው ከቤታቸው የባሰ ተንቀጠቀጠ።

ደብሬ አልቻለም። ከተቀመጠበት ብድግ አለ፤ ትልቅ አድርጎ ጠቀለለና ገበታውን ዞሮ መጣ።

«በሞቴ» አለ፤ አፋቸው ድረስ አስጠግቶ።

አያ ዋሴ ፊታቸውን አዞሩ። «ይቅርብኝ።»

«በሞቴ እያልኩህ እኮ ነው።»

«አልጎርስም ደብሬ።»

ዝናቡ ተረሳ። በገዛ ቤቱ፣ በሚካኤል ዕለት፣ በሞቴ ተብሎ የተመለሰ ጉርሻ ማንም አይቶ አያውቅም። ደብሬ እጁን እንደዘረጋ ቀረ፤ ወጡ በአንጓው ላይ ይወርድ ጀመር።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል ሰምቻለሁ» አለ። «ያልጎረሱትስ ምን ያደርጋል? በሊጡ ነገር ተቀይመኸኝ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አያ ዋሴ ምን እንደሚሉ ቤታቸው አስበውበት ነበር። የአንጎሉን ነገር፣ የመሬቱን ነገር ቀስ አድርገው ሊያስረዱ ነበር። አፋቸው ሲከፈት የወጣው ሌላ ሆነ።

«እጄን የገደላት ጉርሻችሁ ነው» አሉ።

ወዲያው አፈሩ። ዓመት ሙሉ ከአፉ ነጥቆ ያጎረሳቸው ሰው ሁሉ እዚያ ተቀምጧል። አንዳንዱ ቤት ማሽላ አልቆ ልጆች በቅጡ ሳይበሉ ለእሳቸው የተጠቀለለበት ቀን እንደነበር ያውቃሉ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ከገበታው አነሡ። በጓዳው በር ላይ እትየ አልጣሽ ቆመዋል፤ አያ ዋሴ ግን ቀና ብለው አላዩዋቸውም።

«አይደለም» አሉ አያ ዋሴ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር። «እናንተማ ምን አደረጋችሁ። እጄ ትንቀሳቀስ ነበር። ሰው ፊት ደፍቼ አፈርኩና ደበቅኋት። እናንተ ስታጎርሱኝ የከበርኩ መሰለኝ። እጄ ራሷ ካልበላች አትድንም ብላኛለች ሐኪሟ። መድፋቴ ነው መድኃኒቱ። አሁንም እያፈርኩ ነው። ተዉኝና ልድፋ።»

ደብሬ በእጁ ያለውን ጉርሻ አየው፤ መልሶ ገበታው ላይ ማኖር ነውር ነው። ቆሞ እንዳለ ራሱ ጎረሰው። ትልቅ ስለነበር ጉንጩ ተወጥሮ፣ መናገር ሳይችል ወደ ቦታው ተመለሰ። 

አያ ዋሴ መብላት ቀጠሉ። ሌላው ሰው ጠገበ፤ እጁንም ሰበሰበ። እሳቸው ግን ገና ናቸው። አንድ ሰው እየበላ ገበታ አይነሣም፤ ገበታ ሳይነሣም የመምሬ ምርቃት፣ የጽዋውም ሥርዓት አይደርስም። ስለዚህ ማኅበሩ በሙሉ ተቀምጦ ጠበቀ። ወሬ የለም። ዓይን የሚያርፍበት ሌላ ነገር ስላልነበረ፣ ዓይን ሁሉ መጥቶ በዚያ እጅ ላይ ዐረፈ። እጁ ይሄዳል፣ ይቆርሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹን ይደፋል፣ ይደርሳል። አንዲት ቃል ብቻ «ጠገብኩ» ቢሉ ይገላገሉ ነበር። ቃሏ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበረች። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ፤ የሚጠርጉበት እጅ የለም። ግን አልጠገቡም፤ እንደጠገቡ አድርገውም ብዙ ጊዜ ዋሽተዋል። ከፊታቸው ያለው እስኪያልቅ በሉ።

ያኔ መምሬ ወልደ ኢየሱስ «ስብሐት ለእግዚአብሔር» ብለው ምርቃቱን ጀመሩ።

ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቀረበ። ጽዋ በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት። እትየ አልጣሽ ከጓዳ ወጥተው ጋቢውን ገለጥ አደረጉና መቀነቱን ፈቱ። የሴት መቀነት መሆኑን ያላየ አልነበረም። አያ ዋሴ አንገታቸውን ደፉ፤ ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ። ቀኙ ዘግይቶ ደረሰ፤ ግን ደረሰ። ጣቶቹ በጽዋው ዙሪያ አንድ በአንድ ዐረፉ። ጥቂት ጠላ በጨርቁ ላይ ፈሰሰ። መምሬ እንዳላዩ ሆኑ።

«የሚመጣው ወር በዋሴ ቤት» አሉ።

«አሜን» አለ ማኅበሩ።

ሲወጡ ደብሬ ደጁ ላይ ቆሞ ይሸኝ ነበር። አያ ዋሴ አጠገቡ ሲደርሱ ቆሙ።

«በገዛ ቤቴ አሳፈርከኝ» አለ ደብሬ።

«አሳፈርኩህ።»

«ወር ቤትህ ስመጣ ስንቅ ይዤ ነው የምመጣ። አንተ እስክትጨርስ ተመልሶ ይርበኛል።»

«ያዝ» አሉ አያ ዋሴ። ፊታቸው ገና እንደጋለ ነበር። ቁልቁለቱን ሲወርዱ እትየ አልጣሽ እንደ ድሮው ከኋላቸው ሆኑ።